የጎሽ መጠጫ ግዝት

ሥራነሽ ከጠዋት ጀምራ የውሃ መለኪያ በትሯን ኩሬው ውስጥ ሦስት ጊዜ ተክላ ነቅላለች። ሦስቴም ውሃው ጎድሎ አገኘችው። ኩሬው ጎሽ መጠጫ ይባላል፤ ጎሹን አይቻለሁ የሚል ሰው ዛሬ የለም እንጂ ስሙስ አለ። ከሥሩ "ድንጋይ ላሽ" የሚሏት፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ፣ አፏን ድንጋይ ላይ ለጥፋ የምትውል ዓሣ አለች። ሌላ ወንዝ ላይ ፈልገው አጥተዋታል። የወረዳው የዓሣ ባለሙያ ሥራነሽ ሁለት ዓመት ሙሉ የባዘነችው ለዚህች ነው፤ ሰዉም "የዓሣ እናት" እያለ ይቀልድባታል። አሁን ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ነገን ቢያድሩ ተመስገን ነው።

ማውጣቱ ቀላል ነበር። ቅርጫት አለ፣ ጀሪካን አለ፤ ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ቢሄዱ ደግሞ ምንጭ የሚመግበው፣ በጋ የማያደርቀው ኩሬ አለ። ችግሩ ግዝቱ ነው። ግዝቱን ያመጣችው ማን ሆነችና? ራሷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በሰኔ፣ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ በወጣበት ሰሞን፣ ጎረምሶች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ በተኑ። ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ትልቅ ትልቁን ለቀሙ፣ ትንሽ ትንሹን ለአሞራ ተዉት። ሥራነሽ ደንብ አለ ብላ ስምንት ገጽ ወረቀት አስለጠፈች፤ ወረቀቱን ዝናብ በላው። ሲጨንቃት አባ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄደች። አባም በመስከረም ሕዝቡን ሰብስበው፣ መስቀላቸውን ውሃው ላይ ዘርግተው፣ "እስከ ሐምሌ አቦ ከዚህ ኩሬ ዓሣ ያወጣ ውጉዝ ይሁን" አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እሷም አሜን አለች፤ ቃሉን ቤቷ ቁጭ ብላ የጻፈችላቸው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እጁን ያስገባ የለም። ስምንት ገጽ ያልቻለውን አንድ ቃል ቻለው ብላ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

እናቷ ወለተ ሰንበት ግን ልጇን ታውቃታለች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትላት ነበር።

በጋው ሲገባ ላይኛው መንደር ሽንኩርት ተከለ፤ ፓምፕ በፓምፕ ላይ ተደረደረ፤ ኩሬውን የሚመግበው ወንዝ ተቆረጠ። ሥራነሽ እየሮጠች ሄዳ የሽንኩርቱን ባለቤት የኔዓለምን ለመነቻት።

"ግዝት አለ እኮ፣ የኔዓለም።"

"አለ። እኔ ዓሣ አወጣሁ?" አለች የኔዓለም፣ ቱቦዋን እያቃናች። "ስለ ውሃ ምን ተባለ? ዓሣውን አስገዝተሽ ውሃውን ረሳሽው፣ ሥሩ። ሽንኩርቴ ደግሞ የአራት ልጆች ጉሮሮ ነው።"

ሥራነሽ መንገዷን ይዛ ተመለሰች። እውነት ነዋ።

ትናንት ደግሞ ሞተር ተኮናትራ አባ ያሉበት ዲማ ገዳም ድረስ ሄደች። አባ ሱባኤ ገብተዋል፤ ሆሳዕና ሳይደርስ በራቸው አይከፈትም። ሌላ ካህን ብትለምን፣ "ሌላው ያሰረውን እኔ አልፈታም" ብለው መለሷት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ጎህ ሲቀድ ኩሬው ዳር ነበረች።

አሁን ሰዉ ዳር ቆሞ ያያታል። ከሁሉም የሚሰሙት ሽማግሌ አያ ይስማው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"አያ ይስማው፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩ ልጆቹ ይገቡልኛል።"

"አሜን ያልኩት በዚሁ አፌ ነው፣ ልጄ። በየትኛው ልናገር?"

ቁና ቁና ተነፈሰች። ዳርና ዳር ተመላለሰች። አንዲት ድንጋይ ላሽ ጭቃው ላይ ቀርታ ስትንፈራገጥ አየች። እናቷ አምና ታማ ከሞት የተመለሰች ጊዜ፣ በፋሲካ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንቆርባለን ብለው ተስለው ነበር። ነጠላቸው ታጥቦ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። ግዝት የጣሰ አይቆርብም፤ ከሰው ገበታም አይቀርብም። ይህን ሁሉ አሰበችው። አስባ ስታበቃ ጫማዋን አወለቀች።

ውሃው ከጉልበቷ በታች ነበር። ቅርጫቱን አጥልቃ አወጣችው። ዳር ከቆሙት አንዲት ሴት ፊቷን አማተበች። ሥራነሽ ቀና ሳትል ደገመች፣ ሠለሰች። አራት ጀሪካን ሞላች። ከዚያ ሁለቱን አንጠልጥላ የኩሬውን አፋፍ ስትወጣ ጭቃው አንሸራተታትና ተንበረከከች።

አያ ይስማው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ጥለው አንዱን ጀሪካን ያዙ።

"ያወጣ ነው የተባለው" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "የተሸከመ ውጉዝ ይሁን ያለ ማን አለ?"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ መጣ፤ አምና ብርብራ ከወቀጡት አንዱ ነው። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ስምንት። ከላይ የኔዓለም ራሷ አህያዋን እየነዳች ወረደች፤ ፓምፑን ግን አላጠፋችም። ኩሬው ውስጥ ሥራነሽ ብቻ፣ ከኩሬው ውጭ አገሩ ሁሉ። ጀሪካን ስትሰጣቸው መሬት ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ከእጇ የሚቀበል አልነበረም። አሥር ሰዓት ላይ ቅርጫቱ ባዶውን ወጣ። ታችኛው ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ላሾቹ አለት ላይ ተለጥፈው ሲያያቸው ጎረምሳው ሳቀ።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወለተ ሰንበት ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። ሽሮውን አወጣች፤ በአንድ ትሪ ሳይሆን በሁለት ሰሃን። ሥራነሽ ሁለቱን ሰሃን አየች። በሠላሳ ዓመቷ ከእናቷ ተለይታ በልታ አታውቅም።

"ስንት ተረፉ?" አለች እናቷ።

"ሦስት መቶ ገደማ።"

"እሰይ።"

መብላት ጀመሩ። ወለተ ሰንበት እንደ ልማዷ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልላ፣ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች። መሐል መንገድ ላይ ግዝቱ ትዝ አላት። እጇ እዚያው ቆየ። ከዚያ ጉርሻውን መልሳ የራሷ ሰሃን ላይ አኖረችው፤ ሳትበላው።