ከአልጋው ሥር የነበሩት ብልቃጦች

ዘይቡ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከግቢዋ በር ወጥታ አታውቅም። ሸኩር የሞተው የካቲት ላይ ነው። ሊሙ ገነት ዳር ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዘበኛ ነበር። ባል ሲሞት ሚስት አራት ወር ከአስር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ ዒዳ ነው። እሷም ተቀመጠች። ዒዳው ሲያልቅ ታጠበች፣ ልብሷን ቀየረች፣ ተመልሳም ያው በረንዳዋ ላይ ቁጭ አለች።

ጎረቤቷ ሳቢሃ ጨውና ሳሙና እየገዛች ስታመጣላት ሳትጨቀጭቃት አትሄድም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዒዳሽ እኮ አልቋል። ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ?"

"ምን ይላል?"

"ደረቅ ናት ይላል።"

"እውነቱን ነው።"

"አላለቀሰችም፣ አትወጣም፣ ይሄ ምን ዓይነት ሐዘን ነው ይላል።"

"ሳሙናውን እዚያ አስቀምጪልኝ።"

በእርግጥም አላለቀሰችም። መጀመሪያ ሰሞን፣ ኋላ ይመጣል ብላ ጠብቃው ነበር። አልመጣም። የምትበላው አይጣፍጣትም፣ አያስጠላትምም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰው ቤት ቆርቆሮ ይመስላታል።

ሐምሌ ሲገባ ከጅማ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች መጡ። የአካባቢ ሳይንስ ነው የሚማሩት። ክረምቱን ከማጠቢያው አጠገብ የሚያልፈውን ወንዝ እያጠኑ እንዲለማመዱ ተልከው ነው፤ እነሱ አፓረንት ይሉታል። ልጁ ሶሬሳ ዘመድ ቤት አረፈ። ልጅቷ ፍሬሰላም የዘይቡን ትርፍ ክፍል ተከራየች። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ወሬ የማያልቅባት። ዘይቡን እንደ አገሩ ሰው አዴ፣ እናቴ፣ ትላታለች።

"ወንዝ ውስጥ ምንድን ነው የምትፈልጉት?" አለቻት ዘይቡ አንድ ቀን።

"ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት አሉ፣ አዴ። አንዳንዶቹ ንጹሕ ውሃ ካልሆነ አይኖሩም። አንዳንዶቹ ደግሞ ቆሻሻውንም ይችሉታል። የትኞቹ እንዳሉ ካየን የወንዙን ጤና እናውቃለን። ቡና መታጠብ ሳይጀምር አሁን ካልያዝናቸው፣ ኋላ ምን እንደጠፋ በምን ይታወቃል?"

"አባትሽ ትል እንድትለቅሚ ነው ያስተማረሽ?"

"አባቴማ ዶክተር ልትሆን ነው እያለ ነው ለሰው የሚያወራው!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘይቡ ትስቅ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ሶሬሳን ታይፎይድ ያዘውና ጅማ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የልጅቷ ክፍል ጣሪያ አፈሰሰ። ልጅቷ አልነበረችም። ዘይቡ አልጋው እንዳይርስ ብላ ሳበችው። ከሥሩ በጨርቅ የተሸፈኑ የማርማላታ ብልቃጦች ተደርድረዋል። አንዱን ከፈተች። ሽታው አፍንጫዋን መታት።

አረቄ ነው።

ይዛው ወደ ብርሃን ወጣች። ውስጡ ባለብዙ እግር ትል ይንሳፈፋል።

"አስተግፊሩላህ!" አለች ብቻዋን። "ትል የተዘፈዘፈበት አረቄ ነው የምትጠጣው!"

ሸኩር ይሰግድበት በነበረ ክፍል! አንድም ሳታስቀር ጓሮ ወስዳ እንሰቱ ሥር ደፋችው። ዝናቡም ወዲያው ጠረገው። ብልቃጦቹን በአመድ ፈትጋ አጠበችና በረንዳው ላይ አፋቸውን ደፍታ ደረደረቻቸው።

ፍሬሰላም እንደተመለሰች ያየችው እነሱን ነው።

"አዴ ዘይቡ... ውስጡ የነበረውስ?"

"ደፋሁት። እኔ ቤት አረቄ አይጠጣም።"

"ማን ጠጣው? እኔ አልጠጣም እኮ! ከኮሌጅ የሰጡን አልኮል መኪና ላይ ፈሰሰብን። ነፍሳቱ እንዳይበሰብሱ ብዬ ነው አረቄ የገዛሁት። ብነግርዎት እምቢ ይሉኛል ብዬ ደበቅኩ።"

"እምቢ ነበር የምልሽ።"

"አውቃለሁ።" ልጅቷ አንዱን ባዶ ብልቃጥ አንስታ አየችው። "ሐሙስ መምህራችን ይመጣል። የክረምቱ ሥራችን ይሄው ነበር። ባዶ እጄን ካገኘኝ እወድቃለሁ፤ ዓመት ልደግም ነው።"

"ወንዙ ውስጥ ሌላ ትል የለም?"

"አለ። ግን ለብቻ አይሠራም። አንዱ መረብ ይይዛል፣ አንዱ ከላይ ሆኖ ድንጋዩን በእግሩ ይበጠብጣል። ሶሬሳ ደግሞ የለም።"

ይህን ብላ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ወዲያው ልቅሶዋ በግድግዳው ተሰማ። ዘይቡ ቁጭ ብላ አዳመጠችው። አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆን ብላ ጠበቀች። ምንም አልተሰማትም። ብልቃጦቹን የደፋችው እሷ መሆኗን ግን ታውቃለች፤ ያንን ለማወቅ ልብ መንደድ አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የሸኩርን ቦት ጫማ ከበሩ ኋላ አወጣች። ሰፋት። አሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት።

"ሜ፣ እስቲ ተነሺ!" አለች የልጅቷን በር እየደበደበች። "መረብሽን ያዢ።"

"ከማን ጋር ልሄድ?"

"ከእኔ ጋር ነዋ።"

"እርስዎ እኮ አይወጡም ሲሉ..."

"ማነው ያለው?"

"ሁሉም ሰው።"

"ሁሉም ሰው ሥራ ይፈልግ።"

ሳቢሃ ከአጥሯ ማዶ ስታያቸው ባልዲዋን ለቀቀችው።

"ያ ረቢ! ዘይቡ! ወዴት ነው?"

"ትል ልለቅም።"

በማጠቢያው በር አለፉ። የሸኩር አግዳሚ ወንበር ያው ቦታው ላይ ነው፤ አዲሱ ዘበኛ ተቀምጦበት ሻይ ይጠጣል። ብድግ ብሎ ሰላም አላት። ወንበሩን አየችው። ምንም አልተሰማትም። አለፈች።

መጀመሪያ ከማጠቢያው በላይ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ውሃው ጉልበቷ ድረስ መጣና ቦት ጫማው ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ፍሬሰላም ድንጋዩን በእግሯ ታተራምሳለች።

"አዴ፣ መረቡን ወደ ታች! ከመሬቱ ያስነኩት! ኧረ እኔን አይዩኝ!"

"አንቺ ደግሞ ውሃውን ፊቴ ላይ አትርጪው!"

ሲያወጡት በቅጠሉና በአሸዋው መሀል ትንንሽ ነገር ይፍጨረጨራል። ልጅቷ ሦስት ጭራ ያለውን ነጥላ አሳየቻት።

"ይሄ ነው ንጹሕ ውሃ የሚወደው።"

ከማጠቢያው በታች ሲገቡ እሱ የለም። ቀይ ትል ብቻ ነው።

"የአምናው የቡና ልጣጭ ገና አልለቀቀውም" አለች ፍሬሰላም።

ሸኩር ይህን ያህል ዘመን የጠበቀው ጣቢያ ነው። ዘይቡ መረቡን አጠበች።

ፍሬሰላም ነፍሳቱን ብልቃጥ ውስጥ ጨምራ በቦርሳዋ ከያዘችው ትርፍ አረቄ ሞላችባቸው። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ዘይቡ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

"እሱ ቤት አይገባም።"

"ታዲያ የት ላስቀምጠው?"

"ዶሮ ቤት። ባዶ ነው፤ ዶሮዎቹ ለሸኩር ሰደቃ ታርደዋል።"

ከዚያ እሳት ዳር ተቀምጣ ቦት ጫማውን አወለቀች። እግሯ ነጥቶ ተጨማዷል፤ ስትነካው የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ብዙ ቆይቶ ይቆጠቁጣት ጀመር። አሸችው። ባሸችው ቁጥር ባሰበት። ቢሆንም አልተወችውም።

ሐሙስ መምህሩ መጣ። ጎንበስ ብሎ ዶሮ ቤቱ ውስጥ አየ።

"እዚህ ነው ያስቀመጥሽው?"

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት" አለች ዘይቡ ከበረንዳው። "የበፊቱንም የደፋሁት እኔ ነኝ። የሚጠጣ አረቄ መስሎኝ።"

"አረቄ ነው እኮ፣ እናቴ።"

"እኮ፣ ለዚያ ነዋ የደፋሁት።"

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አደረገና ወደ ፍሬሰላም ዞረ።

"የሐምሌው ጠፍቷል። መጥፋቱን እንደሆነው ትጽፊዋለሽ። ማርክ እቀንስብሻለሁ፤ ዓመት ግን አትደግሚም።"

ፍሬሰላም በነጋታው ብልቃጦቿን በካርቶን ይዛ ባጃጅ ላይ ወጣች።

"አዴ፣ ጅማ ሲመጡ ይደውሉልኝ!"

"ቶሌ፣ እሺ፣ ሂጂ፤ ዝናብ ሳይዝሽ።"

ባጃጁ ከታጠፈ በኋላም ዘይቡ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጨው ማለቁ ትዝ አላት። ሳቢሃን ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ቦት ጫማው ገና አልደረቀም። አጠለቀችውና ወደ ሱቅ ሄደች።