ጎልቻ የተወው ክፍተት

አብዱራሺድ ሲያኮርፍ ለሞያሌ ሰው ሁሉ የሚተርፍ ኩርፊያ ነው የሚያኮርፈው። ያን ሰሞን ያኮረፈው ደግሞ የልብ ጓደኛውን ጎልቻን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኡራን መንደር ከብት ጭኖ ሲመለስ የጭነት ሎሪው ተገለበጠና የቀኝ ጭኑ አጥንት ተሰበረ። ወደ ደቡብ፣ ትልቅ ሆስፒታል ወስደውት ሐኪሙ አጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አስገባ፤ ዘንጉን ላይና ታች በብሎን አስሮ በክራንች ሸኘው። ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን አላህ አተረፈህ" አለው።

ሃያ ዓመት ሙሉ መስጊድ ሲቆሙ ጎልቻ በቀኙ ነው፤ የእግራቸው ትንሽ ጣት ይነካካል። አሁን ግን ኢማሙ የሶላቱን ረድፍ እያስያዙ "ሶፋችሁን አስተካክሉ፣ ክፍተት አትተዉ" ባሉ ቁጥር ጎልቻ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ይላል። በአራተኛው ቀን አብዱራሺድ አኮረፈ።

"ክራንቼን ተጸይፎ ነው" አላት ሚስቱን ሀምዲያን።

"ጎልቻ? አንተ ሆስፒታል ስትተኛ ፍየሎችህን ሲያጠጣ የከረመው? በል ሀያ፣ ሂድና ራሱን ጠይቀው!"

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አብዱራሺድ የጎልቻን ክንድ ያዘ። "ጃላ፣ ወዳጄ፣ ምን በደልኩህ? ለምን ትሸሸኛለህ?"

ጎልቻ ጎንበስ ብሎ የአብዱራሺድን ሁለት ተረከዝ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ እኩል አቆመለት። "እስቲ ወደ ታች እይ።"

ግራ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ቂብላ፣ ወደሚሰገድበት አቅጣጫ ያያል። ቀኙ ከነጉልበቱ ወደ ውጭ ዞሮ ጎልቻ ወደሚቆምበት ያያል።

"እግርህ እግሬ ላይ ይወጣል። ቦታ ለቀቅኩልህ እንጂ አልሸሸሁህም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እንደገና ቀዶ ጥገና እንዳያደርጉብህ ፈርቼ። ያን ቀን ሆስፒታል ሳደርስህ መንገዱን ሙሉ ስትጮህ የሰማሁ እኔ ነኝ።"

አብዱራሺድ አፈረ። እሱም ልቡ ያውቅ ነበር፤ እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆኖበት ከርሟል። የሐኪሙን ቢላ ስለፈራ ብቻ ወደ ታች ማየት ትቶ ነበር።

ሐኪሙ ጋ አብረው ሄዱ። ሐኪሙ ሁለቱን እግሮች አስተያየ። "ፖሌ፣ ምዜ፤ አዝናለሁ፣ አባባ። ያኔ ጭንህ አብጦ ስለነበር ልኩን ማየት አስቸግሮኝ ወደ ውጭ አዙሬ አስሬዋለሁ። ደግነቱ በጊዜ መጣህ፤ አጥንቱ ገና አልጠነከረም። የታችኞቹን ብሎኖች ፈትቼ፣ እግርህን አዙሬ መልሼ አስረዋለሁ። ብትዘገይ ኖሮ አጥንቱን መቁረጥ ነበረብኝ።" አብዱራሺድ የጎልቻን እጅ ይዞ እሺ አለ።

ከወር በኋላ ኢማሙ "ሶፋችሁን አስተካክሉ" አሉ። ጎልቻ ለምዶበት ያንን ስንዝር ተወ። አብዱራሺድ ወደ ታች አየ፤ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ቂብላ ያያሉ። እያነከሰ ተጠጋና ትንሽ ጣቱን ከጎልቻ ጣት ጋር አገናኘ።

ኢማሙ "አላሁ አክበር" ሲሉ ጎልቻ እያለቀሰ ነበር።