በሴቶች ስም የወረደ ድንጋይ

ሰብሌ የወረዳው አዳራሽ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ባነሩን ነው። «ሥርዓተ ፆታን ያካተተ ሰላም ለዘላቂ ልማት» ይላል፤ በወይን ጠጅ ቀለም፣ ዳር ዳሩን አበባ ተስሎበት። ከባነሩ ሥር ሰልሳቢል ግራ እጇ በጀሶ ታስሮ፣ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች። እዚያ ያስቀመጧት ፎቶው ላይ ጀሶዋ በደንብ እንዲታይ ነው። እስቲ አሁን ሰው ሆኖ ይህን የሚያስብ ይገኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰልሳቢል አስኮ ካለው ልብስ ስፌት ቤት አመሻሽ ላይ ስትመለስ፣ ቀራንዮ ፌርማታ ወርዳ ጥቂት እንደሄደች፣ አማኑ የሚባል የአጎራባች ሰፈር ጎረምሳ ጎትቶ ጅምር ፎቅ ውስጥ አስገባት። ጮኸች፤ ሰው ደረሰላት። እሷ እጇ ተሰብሮ ተረፈች፤ እሱ ሮጦ አመለጠ፣ በማግስቱ ተያዘ፣ በዋስ ወጣ። ከዚያ የእሷ ሰፈር ልጆችና የእሱ ሰፈር ልጆች በድንጋይ ተፈነካከቱ፤ የሱቅ መስታወትም ረገፈ። ሴት ልጅ ስትጎተት ያልተሰበሰበው ወረዳ፣ መስታወት ሲረግፍ ተሰበሰበ። ጉዳዩም «ግጭት» የሚል ስም ወጣለትና ሰላም ጽሕፈት ቤት ገባ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መዝገቡ ነው። ሰው ሁሉ አቶ መዝገቡ ይለዋል፤ እኛ ግን አንቱታውን አንሰጠውም። ሰብሌ በእሱ ሥር የሥርዓተ ፆታ ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ ወረዳው በሚሠራው የሰላምና የልማት ሥራ ሁሉ ሴቶች እንዲካተቱ ማድረግ ነው። ሽምግልናው ውስጥ ሴት ትግባ ብላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትሟገት ከርማ፣ በስንት መከራ ወይዘሮ ጥሩብርሃንን አስመርጣለች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በዕድራቸው የተከበሩ፣ ሲናገሩ የሚደመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። የተመረጡ ዕለት ሰብሌ በደስታ ለቢሮው ሰው በሙሉ ለስላሳ ጋብዛ ነበር። አሁን ትዝ ሲላት ያ ለስላሳ ተመልሶ ጉሮሮዋ ላይ ይመጣል።

ጠዋት መዝገቡ ቢሮው ጠርቷት ነበር።

«ከላይ የሚገመግሙን ሰዎች ዛሬ እርቁን በዓይናቸው ያያሉ» አላት። «ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፣ ልጅቷ ታወርድለታለች፣ በቃ። ቤተሰቧም ሄዶ ክሱን ያነሳል።»

«ልጅቷ ይቅር ብላለች?»

«አባቷ ተስማምቷል።»

«እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ልጅቷ ነው።»

«ሰብሌ፣ አካቱ አካቱ ስትይን አልከረምሽም? ይኸው አካተትን። ሴት ሽማግሌ አለች፣ ተበዳይዋ አለች፣ አንቺም አለሽ። ከዚህ ወዲያ ማንን እናካትት?»

ፈገግ ብሎ ነው ይህን ያለው። ቢዋሽ ኖሮ በተሻላት። እሷን ያቅለሸለሻት ከልቡ ማመኑ ነው።

አዳራሹ ሞላ። ገምጋሚዎቹ ከፊት ለስላሳ ወንበር ላይ፣ ሽማግሌዎቹ በቀኝ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመካከላቸው ተቀመጡ። የሰልሳቢል አባት ጀይሉ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቦታ ተሰጠው። እናቷን ዘይነባን ግን ከኋላ፣ የምሳው ሳህን ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጧት። ማን እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ ምሳ ልታቀርብ የመጣች መስላቸው መሆን አለበት።

ሰብሳቢው ሽማግሌ አቶ አምላኩ መረቁ። ቀጥለው «መቼም ሴት ብታውቅ…» ብለው ጀመሩና ባነሩ ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ ተረቱን ዋጡት። «ሴት ብታውቅ ለአገር ትጠቅማለች» አሉ፤ ተጨበጨበ።

አማኑ ገባ። የእርቁ ወግ የታወቀ ነው፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ያጎነብሳል፣ ተበዳይ ያወርድለታል። ድንጋዩ አንዴ ከወረደ በኋላ ነገሩን መልሶ የሚያነሳ ሰው ነውረኛ ነው። የአማኑ አባት መሸሻ የሰፈሩ የመንገድ ሥራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸውና፣ ለልጃቸው ከኮብልስቶኑ ትራፊ ቀለል ያለውን መርጠው፣ ሸሚዙን እንዳያቆሽሽ አጥበው ሰጥተውታል። ልጁ ጎንበስ ሲል ጉንጩ ይንቀሳቀስ ነበር። ማስቲካ እያኘከ ነው። ሰብሌ ይህን ስታይ ምራቋ መረራት።

«ልጄ፣ ተነሺና አውርጂለት» አሉ አቶ አምላኩ።

ሰልሳቢል አልተነሳችም።

«ለሰላም ብለሽ፣ ልጄ።»

«አላወርድም» አለች፤ ድምፅዋ ከሻርፗ ውስጥ እምብዛም አይሰማም።

አዳራሹ ተንሾካሾከ። አንዱ «ደረቅ ናት» አለ፣ ሌላው «የዛሬ ልጆች» አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሃል ይሄ ነው። ጀይሉ ጫማውን ጫማውን ያያል። ሱቁ ከሽማግሌዎቹ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ነገም ከነገ ወዲያም አብሯቸው ይውላል።

መዝገቡ ገምጋሚዎቹን በዓይኑ ሰረቅ አደረገና ከመቀመጫው ተነሣ። «ልጃችን ትንሽ ደንግጣለች። ስለዚህ በሴቶች ስም ባለሙያችን ሰብሌ ታወርዳለች።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሰብሌ ብድግ አለች። ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋችው፣ የሌላ ሰው ልጅ ስትሰበር ይቅር የምትል ሴት ለማቅረብ ኖሯል። ቱ ብትል ደስ ባላት።

«የተሰበረው የእኔ እጅ አይደለም» አለች። «ሰልሳቢልን ወክዬ ይቅር የምልበት ሥልጣን የለኝም። ማንም የለውም።»

«ነውር ነው» አሉ አቶ አምላኩ፤ ወዲያው ወደ ጎን ዞረው፣ «እንግዲያው እናት አለችን። ጥሩብርሃን፣ አንቺ አውርጂው።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ለአፍታ አመነቱ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ፣ ድንጋዩን ከልጁ ትከሻ አንሥተው ወለሉ ላይ አኖሩት። «በሴቶች ስም ይቅር ብለናል» አሉ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ካሜራው ብልጭ ድርግም አለ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ወደ መዝገቡ ጠጋ ብሎ «ይህ ወደ ሌሎች ወረዳዎች መስፋት ያለበት ምርጥ ተሞክሮ ነው» ሲለው ሰብሌ ሰማች። አማኑ ቀና ብሎ ሸሚዙን አራገፈ። ሰብሌ ወደ ውጭ ወጥታ ለማስመለስ በሩን በዓይኗ ፈለገች።

ያኔ ነው ከኋላ፣ ከሳህኖቹ አጠገብ፣ ዘይነባ የተነሣችው። ረጋ ብላ፣ በጎረቤት ወግ ነው የተናገረችው።

«እትዬ ጥሩብርሃን፣ የኔነሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ይመስገን» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ግር ብሏቸው። የኔነሽ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ሳንሱሲ ካፌ ውስጥ ትሠራለች።

«እሷም ሲመሽ አይደል የምትገባው?»

«አዎን፣ መሸት ሲል ነው። ምነው?»

«እንግዲህ እርስዎ አማኑን ይቅር ብለውታል። ዛሬ ፌርማታው ድረስ ሄዶ ይቀበላትና እሱ ይዟት ይምጣ።»

«ምን በወጣት» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን።

ቃሉ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ግን አዳራሹ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ማንም አላጨበጨበም።

«የእኔዋስ ምን በወጣት ነው?» አለች ዘይነባ።

መዝገቡ ማይኩን አንሥቶ ስለ ምሳ ሊናገር ሲጀምር ጀይሉ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተነሣ። ልጁን ቀና ብሎ ሲያያት ከዚያ ምሽት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጀሶዋን አየ፣ ፊቷን አየ።

«ክሱ አይነሳም» አለ። «ነይ፣ ልጄ፣ እንሂድ።»