ካልተለበሰ ቀሚስ የተሰፋ ድሪቶ

ይሄም አልደበዘዘም፣ ይሄም፣ ቢጫው እንደተገዛ ቢጫ ነው፣ ቀዩም ቀይ፣ ምን ዓይነት ድሪቶ ነው ይሄ፣ ድሪቶ እኮ የሚሰፋው ካለቀ ልብስ ነው፣ ክርኑ ከሳሳ፣ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ከለቀቀ፣ የእኔ ግን ከሱቅ እንደወጣ ያበራል፣ ዐሥራ ስድስት ቁራጭ ገጣጥሜ ሳበቃ ነው የታየኝ፣ ዓይኔ የት ነበር። ምህረቴ ደግሞ ጨርቅ ታውቃለች። እህቴ አይደለች እንዴ፣ አንድ እናት ናት መርፌ ያስያዘችን፣ መርፌ ስናጣምም በአገውኛ ነበር የምትቆጣን፣ በአማርኛ ስትቆጣ አንፈራትም ነበር። ገልበጥ አድርጋ ታየውና ይሄንን ልጄ አንድ ቀን አልለበሰችውም ትላለች፣ ከዚያማ አለቀልኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እሁድ ትመጣለች፣ ከቤሩት አዲስ አበባ ገብታለች፣ ቤት ተከራይታለች፣ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ትወርድና በዳንግላ አድርጋ እንጅባራ፣ ልጇን ሸጋን ልትወስዳት፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። አገር ሁሉ መንገዱን ክፈትልን ይላል፣ እኔ በልቤ ዝጋው እላለሁ፣ ብዬ ደግሞ አማትባለሁ፣ ሰው የሞተበት መንገድ እኮ ነው፣ ውብአየሁ ምን ነካሽ።

ፀሐዩ ጀርባዬን ይለበልበኛል። ቤት ውስጥ መርፌ ቀዳዳ አይታየኝም ብዬ ሰሌን ደጅ ዘርግቼ፣ መስከረም ነው፣ ሦስት ወር ጉምና ጭቃ ውጦን ከርሞ ሰማዩ ዛሬ ወለል ብሏል፣ ማገጡ አብቧል፣ ንቡ ጆሮዬ ሥር ያንዣብባል፣ ያምራል፣ አልዋሽም ያምራል፣ እሱው ነው የሚያናድደኝ። ክረምት ቢሆን ምን ነበረበት፣ ጭቃ ቢሆን፣ ሰው አይመጣም። ከወንዙ ወዲያ ልጆቹ አበባ ይለቅማሉ፣ ከሁሉ ሳቅ የሸጋን ሳቅ ለይቼ አውቀዋለሁ፣ እናቷ ታውቀዋለች? በስልክ የምትሰማው ሳቅ ይቆራረጣል፣ ኔትወርኩ ግማሹን ይበላዋል፣ ሙሉውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ዓመት ብቻ እታለም፣ ነበር ያለችኝ። አምስት ሆነ። ልጅቱ በቅጡ ጡት አልጣለችም ነበር፣ ኩፍኝ ሲይዛት ማን አቀፋት፣ የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል ማን ጣሪያ ላይ ወረወረላት፣ ትምህርት ቤት ወረቀቱ ላይ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ይላል፣ ወይም ይላል፣ እዚያች ወይም ላይ ነው የኖርኩት፣ ከላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ያለችበትን የትምህርት ሁኔታ ተመልክቼ ፈርሜአለሁ፣ ውብአየሁ፣ ውብአየሁ፣ ውብአየሁ፣ በየሩብ ዓመቱ። እሷም ወድዳ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ የሰው አገር የሰው ልጅ ስታጥብ እጇ ተላጠ፣ አውቃለሁ አልኩ እኮ፣ ማወቄ ምን ይፈይድልኛል።

ደኅና ዋልሽ ውብአየሁ። አያ ኪዳኑ ናቸው፣ ባለ ሚኒባሱ፣ ከባሕር ዳር ዕቃ የሚያመጡልን፣ አጥሩ ላይ ክንዳቸውን ጣል አድርገው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ? እህትሽ እሁድ ናት አሉ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እንኳን አብሮ ደስ አለን። ምን ትሰፊያለሽ? ድሪቶ ነው፣ ለሸጋ፣ አዲስ አበባ እንዳይበርዳት። ሳቁ፣ የእንጅባራን ልጅ የአዲስ አበባ ብርድ! ዓይናቸው ግን ጭኔ ላይ ካለው ጨርቅ ነው። ያች ባለ ቢራቢሮዋ ቀሚስ ናት እንዴ? ጭኜ ያመጣኋት? ጠበበቻት አያ ኪዳኑ። ቶሎ! መቼም ለብሳት አላየኋትም። ልጅ ያድጋል፣ እላለሁ፣ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገብቷል፣ እውነት ነው ልጅ ያድጋል ይላሉ፣ ይሄዳሉ፣ እሁድ ከመናኸሪያ ምህረቴን ጭነው የሚያመጧት እሳቸው ናቸው፣ አፋቸው ደግሞ አያርፍም።

ጣቴን እመጥጣለሁ። ሦስት ጊዜ ነው ምህረቴ ቀሚስ የላከችው፣ ሦስቱንም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። መጀመሪያ ለገና አለብሳታለሁ ብዬ ነበር፣ እውነቴን፣ መጀመሪያ እውነቴን ነበር። ከዚያ ማታውን ደወለች፣ እማዬ እወድሻለሁ እንድትለኝ ንገሪያት አለች፣ ልጅቱም ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ እማዬ አለች፣ በእኔው ቃል፣ እኔን በምትጠራበት። ሄድኩና ቀሚሱን ቆለፍኩበት። በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እየጠበባትም ቆልፌው ነበር፣ እኔ የሰፋሁላትን ቡኒ ጉርድ ለብሳ ትዞራለች፣ ልኳ ሆነ ወይ እታለም? ትለኛለች በስልክ፣ ልክ ነው፣ በጣም ልክ ነው። ፎቶ ላኪልኝ ስትል ባለ ቢራቢሮዋን አወጣሁና አለበስኳት፣ አነሳኋት፣ በይ አውልቂ፣ ለምን፣ የሰው ነው፣ ባለቤቷ ትቆጣለች። ቢራቢሮውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አወለቀችልኝ፣ አጥፋ ሰጠችኝ፣ አላለቀሰችም፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ምህረቴ ቀሚሶቹ የት አሉ ብትል ምን ልላት ነው፣ ትንሽና አዲስ የሆነ ቀሚስ እንዴት ይታያል፣ ለዚህ ነው የቀደድኩት፣ አለቁና ድሪቶ ሰፋሁባቸው ልላት፣ አቤት ብልጠት። በበረኪና ልዘፍዝፈው? በረኪናው ይሸታል። የእኔን አሮጌ ቀሚስ ልቀላቅልበት? እሱ ጎን ሲሆን አዲሱ ይብስ ያበራል። እና ደግሞ፣ ይሄንን አልክድም፣ ስሰፋው ደስ ብሎኛል፣ እዚያ ስትተኛ የእኔ ስፌት ይነካታል ብዬ፣ ሌባ ነሽ ውብአየሁ፣ በሰረቅሽው ጨርቅ ልትታወሺ።

እማዬ።

መምጣቷን አልሰማሁም። ጉርዷ እርጥብ፣ ጉልበቷ ጭቃ፣ እጇ ሙሉ አበባ፣ ልትሰጠኝ ዘርግታ ዓይኗ ቢራቢሮው ላይ ይቀራል። ይሄ የሴትዮዋ ቀሚስ አይደል? ነው። ለምን ቀደድሽው? እማዬ፣ ባለቤቷ አትቆጣሽም?

ለእኔ ፈርታ ነው። ለእኔ! ያንቺ ነው፣ እላለሁ፣ ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ እናትሽ ናት የላከችልሽ፣ ይሄንንም፣ ይሄንንም፣ ሁሉንም፣ እኔ ነኝ የደበቅሁብሽ። አበባውን ሰሌኑ ላይ ታስቀምጣለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ታለቅሳለች ብዬ እጠብቃለሁ። አታለቅስም። ቁጭ ትልና ቢራቢሮውን በጭቃ ጣቷ ትነካዋለች፣ ምልክቷ ይቀራል፣ ታየዋለች፣ እንደገና ትነካዋለች፣ አሁን ሆን ብላ፣ ከዚያ የድሪቶውን ጫፍ ትይዝና አፈሩ ላይ ታሸዋለች፣ ምን እያደረግሽ ነው ሸጋ፣ እንዲያረጅ ነው፣ ትላለች ሳታየኝ፣ ስትመጣ ሁልጊዜ እለብሰው ነበር እላታለሁ፣ አንቺን እንዳትቆጣሽ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ከእናቷ ለእኔ ወገነች፣ አምስት ዓመት የፈለግሁት ይሄው አልነበር? ሰባት ዓመቷ ነው። ውሸት ማን አስተማረሽ ልል አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋዋለሁ። እጇን እይዛለሁ፣ ተይ፣ ተይው ልጄ፣ እኔው እነግራታለሁ፣ እሁድ፣ ሻንጣዋን ሳታወርድ፣ እዚሁ በር ላይ እነግራታለሁ፣ ሸጋ ግን እጇን ከእጄ ታወጣና ማሸቷን ትቀጥላለች፣ ጠንከር አድርጋ።