ሁለት ፒኬ

ሸዋአየሁ ባሏን ያገባችው በካርታ ጠረጴዛ ላይ ነው ቢሏት አትቆጣም። ቄሱ የመጣው በኋላ ነው። ጠላት ከመግባቱ በፊት ለመንግሥት አማካሪ ሆኖ የመጣ አንድ ቤልጂጋዊ ቤት፣ እሷ የሚስቱ የማዳም አጫዋች፣ ተስፋማርያም ደግሞ የጌታው ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው አደሩ። እንግዳ በጎደለ ቁጥር ሁለቱ ይጠሩና ብሪጅ ለሚሉት ጨዋታ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ብሪጅን አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይጫወተዋል። ጓደኛ የሚቀመጠው ከፊት ነው፤ ፊቱ ይታያል፣ ካርታው አይታይም።

የዚህ ጨዋታ ጉዱ ያለው ካርታው ከመጣሉ በፊት ነው። አራቱም በየተራ «ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን» እያሉ እንደ ሐራጅ ይጫረታሉ፤ ከዐሥራ ሦስቱ ዙር ስድስቱ ሳይጠራ ስለሚታሰብ፣ «ሁለት» ያለ ስምንት ዙር፣ «አራት» ያለ ዐሥር ዙር ጠራ ማለት ነው፤ መጨመር ያልፈለገ «ፓሶ» ብሎ ያልፋል። ጠርተው የወሰዱት ይቆጠራል፤ ሳይጠሩ የወሰዱት ለጌጥ ነው፣ ጨዋታ አያሸንፍም። ስለዚህ ጓደኛሞች አስቀድመው ይዋዋላሉ፤ ይህን ስል እንዲህ ማለቴ ነው፣ ያን ስል እንዲያ ማለቴ ነው እየተባባሉ። ውሉ የድብቅ አይደለም፤ ተቃራኒው ከጠየቀ ይነገረዋል።

ማዳም አጥብቃ ያስተማረቻቸው አንድ ውል ነበር። ከሁለቱ አንዱ ገና ከመነሻው «ሁለት» ብሎ ከከፈተ እጁ ሞልቷል ማለት ነው፤ ሌላው አንዲት የረባች ካርታ ባይኖረው እንኳ ፓሶ አይልም። «ሁለት ያለን ሰው ብቻውን አይተዉትም» ትል ነበር ጣቷን እያወዛወዘች። ተስፋማርያም አግቢኝ ሊላት በመጣ ቀንም ሌላ ቃል አልፈለገም። «ሁለት ብያለሁ፣ ሸዋዬ» አላት። ሳቀችና እሺ አለችው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባል የለ፤ እሷም አመነች።

ጠላት ሲገባ ቤልጂጋዊው ሻንጣውን ሸክፎ ሄደ። ተስፋማርያም ጣሊያንኛ ስለሚያውቅ ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሆነ። ሰፈርተኛው ከኋላው ባንዳ ሲለው ሸዋአየሁ ትሟገትለታለች፤ ቀን እስኪያልፍ ነው ትላለች። እሷ ደግሞ የምታሳልፈው የራሷ ጭንቀት ነበራት። እናቷ ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ደጉ የሚባል አንድ ወንድሟ የውስጥ አርበኛ ነበረ፤ ለዱሩ ሰው ወሬና ጥይት ያቀብላል። ሲታደን ወስዳ የሸሸገችው ቂርቆስ ሰፈር በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ኩልሱም መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያው ክምር ኋላ ነው። ፈታሽ ወታደር እዚያ ገብቶ እያስነጠሰ ከመውጣት በቀር ምን ያገኛል?

አገኘ። ወታደሮቹ ሳያስነጥሱ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሳይሉ፣ በቀጥታ ከጓዳው ጥግ ካለው ክምር ኋላ ጎትተው አወጡት። መደበቂያውን የሚያውቁት ሸዋአየሁ፣ ባሏና እትዬ ኩልሱም ብቻ ነበሩ። እትዬ ኩልሱምን አብረው አስረው ገረፏቸውና ለቀቋቸው። ለምን ለቀቋቸው? ለሸዋአየሁ ይህ ጥያቄ በቂ ማስረጃ ሆነላት። በጠራራ ፀሐይ ሰፈሩ ሁሉ እያየ በራቸው ላይ ተፋች። «ወንድሜን ሸጠሽ በላሽው!» አለች፣ እትዬ ማለቱንም አንቱታውንም ጥላ። ሴትዮዋ የተገረፈ ትከሻቸውን በነጠላ ሸፍነው «ልጄ፣ እኔ ያስቀመጥኩት በሩ አጠገብ ነበር፤ ጓዳ ማን እንዳስገባው አላህ ይወቀው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በርበሬያቸውን የሚገዛ ጠፋ። ተስፋማርያም ያን ጊዜ የሚስቱን ክንድ ይዞ «ተዪ ሸዋዬ፣ ፍርዱን ለእግዜር ስጪው» ብሏል። እንዴት ያለ ደግ ሰው!

የተስፋማርያም አለቃ ካቫሊዬር ፓስኩቲ ለመንግሥት ሹማምንት በተሠሩት፣ ኖራቸው ገና ባልደረቀው አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ይኖራል፤ ሕዝቡ ካዛንቺስ ማለት የጀመረው ሰፈር። እስረኛ ማን ይሰቀል፣ ማን ይሰንብት የሚባለው እሱ ቢሮ ነው። ከእሱና ከሚስቱ ከሲኞራ ኤልዳ ጋር ብሪጅ የሚጫወቱት ባልና ሚስት ወደ ጅማ ተዛወሩባቸው። ጥቁር ከነጭ ጋር እንዳይቀመጥ የሚከለክል ሕግ አለ፤ ለካቫሊዬሩ ግን ሕግ ማለት መጋረጃ እስኪዘጋ ነው። ብሪጅ የሚለው ስም የእንግሊዝ ነው ተብሎ ስለታገደ ፖንቴ ይለዋል። እሑድ ከቀትር በኋላ ተስፋማርያምን ከነሚስቱ አስጠራው።

ሸዋአየሁ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ካቫሊዬሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና እንደ ዘመድ በለዘበ ድምፅ በፈረንሳይኛ ተናገረ፤ ቋንቋውን ከማዳም ቤት ስለምታውቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«ወንድምሽ ማክሰኞ ከሚሰቀሉት ጋር ነው። ዛሬ ካሸነፋችሁ ግን ነገ በሩን አስከፍትለታለሁ፣ በእግሩ ቤትሽ ይመጣል። ከተሸነፋችሁ ያው ነው፣ ምንም አልጎዳሁሽም። በካርታ ቃሌን አጥፌ አላውቅም።»

ሸዋአየሁ ባሏን አየችው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ደስታም ድንጋጤም እኩል ያገረጣል ብላ አዘነችለት።

«መቼም ውላችሁን ልወቅ» አለ ካቫሊዬሩ ወደ ተስፋማርያም ዞሮ። «ሚስትህ በሁለት ብትከፍት ምን ማለቷ ነው?»

«እጇ ጠንካራ ነው ማለት ነው፣ ጌታዬ። ማለፍ አልችልም።»

«ፈጽሞ?»

«ፈጽሞ።»

«ባዶ እጅህን ብትሆንም?»

«ባዶ እጄን ብሆንም።»

ካቫሊዬሩ ሚስቱን አየና ፈገግ አለ። ሲኞራ ኤልዳ ዓይኗን ወደ ካርታው ሰበረች።

ጀመሩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ጣሊያኖቹ አሸነፉ፤ ሁለተኛውን እነሸዋአየሁ። የሚቀረው የመጨረሻው ነው። እሱን ያሸነፈ ሁሉንም አሸነፈ፤ ለማሸነፍ ደግሞ፣ ጥቁሩን ፒኬ ገዢ አድርጎ ለሚጫወት ሰው፣ አራት ብሎ ጠርቶ ዐሥር ዙር መውሰድ ያስፈልጋል። ካርታ ታደለ። ሸዋአየሁ ካርታዋን ዘረጋችው፣ አየችው፣ ደግማ አየችው። ከአስ እስከ ፋንቲ የፒኬ ታላላቆች ተሰልፈው መጥተውላታል፤ ከሌላውም ቢሆን ድሃ አይደለችም። ደጉን በበሩ ሲገባ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሲስም አየችው።

ቆጠረች። ብቻዋን ዘጠኝ ዙር ይታያታል፤ አንድ ይጎድላታል። ባሏ አንዲት ደህና ካርታ ካለው ዐሥሩ ሞላ ማለት ነው። ገና ከመነሻው አራት ብላ ልትጠራ ትችል ነበር፤ ማንም አይከለክላት። ግን እንዲያ ዘሎ መጥራት ጓደኛውን የማያምን ሰው አጠራር ነው። ማዳም ይህን ብታይ በማራገቢያዋ ትመታት ነበር። በሁለት ከፍተሽ መንገዱን ስጪው፤ እሱ ያለውን ይናገር፤ ከዚያ አንድ ላይ ትወጣላችሁ። ለዓመታት እንዲህ ነው የወጡት።

«ሁለት ፒኬ» አለች።

«ፓሶ» አለ ካቫሊዬሩ።

ተስፋማርያም ካርታውን አየ። ላቡን በመዳፉ ጠረገ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ እንጂ እሷን አላየም።

«ፓሶ» አለ።

ሸዋአየሁ የሰማችውን ጆሮዋ አልተቀበለላትም። ሲኞራ ኤልዳ ተስፋማርያምን ትኩር ብላ አየችው።

«ተራሽ ነው፣ ውዴ» አላት ካቫሊዬሩ ሚስቱን በለሆሳስ።

«ፓሶ» አለች ሲኞራ ኤልዳ። በቃ፤ ጨረታው ተዘጋ። ደጉን በሁለት አጫረቱት።

በዚህ ጨዋታ ደንብ ጠሪዋ ብቻዋን ትጫወታለች፤ ጓደኛዋ ካርታውን ሁሉ ፊቱን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጣሊያኖች ሞርቶ ይሉታል፣ ሙቱ ማለት ነው። ካቫሊዬሩ የመጀመሪያዋን ካርታ ጣለና «እስቲ ሙቱን እንየው» አለ።

ተስፋማርያም ካርታውን ዘረጋ። ሦስት ፒኬ። የኳድሪ ንጉሥ። የፊዮሪ አስ። አንዲት ካርታ ስትለምን አንድ እጅ ሙሉ ኖሮታል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የተስፋማርያምን ሆድ ግን ካርታ አወጣው።

ዘነጋ እንዳትል፣ አሁን በገዛ አፉ ተናግሮታል። ፈራ እንዳትል፣ ይህን ይዞ ምን ያስፈራል? ይህን እጅ ይዞ የሚያልፍ መሸነፍ የፈለገ ሰው ብቻ ነው። ደጉ እንዳይፈታ የሚፈልግ ማን ነው? ደጉ አፉን እንዳይከፍት የሚፈራ። ያን ጊዜ የእትዬ ኩልሱም ቃል መጣባት፤ እኔ ያስቀመጥኩት በሩ አጠገብ ነበር። ደጉ በተያዘበት ዋዜማ ምሳውን ያደረሰለት ተስፋማርያም ነው። ሲመለስም «ጓዳ አዛወርኩት፣ እዚያ ይሻለዋል» ብሏት ነበር። መርቃዋለች። ለአሳቢነቱ እጁን ስማዋለች! ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እሷ ግን ጠርጥራ ነበር፣ የጠረጠረችው ንጹሕ ሴትን ሆነ እንጂ።

አንድ በአንድ ተጫወተች፤ ከራሷ ጣለች፣ ከሙቱ አነሣች፣ ከራሷ ጣለች። ዐሥራ ሦስቱንም ዙር ወሰደች። ካቫሊዬሩ አጨበጨበላት።

«ግሩም ነው! የጠራሽው ግን ስምንት ነው፣ እመቤቴ። የቀረው ለጌጥ።»

የጠራችው ጨዋታውን ስላልጨረሰ ካርታ ዳግመኛ ታደለ፤ ይህ እደላ ለጣሊያኖቹ አዳላ። ጠሩ፣ ወሰዱ፣ ጨዋታው አለቀ። ካቫሊዬሩ ካርታውን እየሰበሰበ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አላልኩሽም? ይተዋታል አላልኩሽም?» ከዚያ ለሸዋአየሁ፣ ነገሩን እንደሚያስረዳ መምህር፣ «ሲኞራ ኤልዳ ሚስቱን አይተዋትም ብላ ስትከራከረኝ ሰነበተች፤ ሴቶች ሰውን ከፍ አድርጋችሁ ነው የምትገምቱት። ወንድምሽን ማን እንዳመጣልኝ እሷም ታውቃለች። እኔ ግን ቃሌን እጠብቅ ነበር፤ ይህን እወቂልኝ» አላት።

ሲኞራ ኤልዳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሸዋአየሁ ነጠላዋን አጣፋች፤ ስለ መስተንግዶው አመሰገነች፤ እንዲያ ነው ያስተማሯት።

በዑራኤል በኩል ሲመለሱ ተስፋማርያም ከኋላዋ ይከተላል። «ወይ አንተ ወይ እሱ አሉኝ፣ ሸዋዬ። ምን ላድርግ? ቢፈታ እኮ የሚገድለኝ እሱ ነው። በይ ተናገሪኝ፤ እርገሚኝ እንጂ!» አላረገመችውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ስትደርስ ተሳለመች፤ ምን እንደለመነች እግዜር ያውቃል። ቤት ገብታ እራቱን አቀረበችለት። ዝምታዋን ይቅርታ መሰለው፣ በላ።

ማክሰኞ ደጉ ተሰቀለ። ሬሳውን ከሩቅ አየችው፤ መጠጋት አይፈቀድም። ጫማው አልነበረም፤ ብርድ የማይወድ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ጮኸች፣ ማንም ግን ዞሮ አላያትም፤ ብዙዎች ይጮኹ ነበር።

በማግስቱ ከመንገድ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥታ በጫንቃዋ ተሸከመች፤ ቂርቆስ እስክትደርስም አላወረደችም። የተፋችበት በር ሥር ተንበረከከች። ሰፈሩ ዳግመኛ ወጥቶ አየ። እትዬ ኩልሱም ብዙ አቆዩዋት። በመጨረሻ ወጡና ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱላት።

«ማን ኖሯል?» አሏት።

«ባሌ።»

ሴትዮዋ ድንጋዩን ከበሩ ዳር አስጠጉት። «በርበሬ የሚጭኑልኝ ሰዎች አሉ፣ ደጉን ያውቁታል። ሐሙስ ወደዚህ ይመጣሉ። አንቺስ የት ትሆኛለሽ?»

«እኔ ቤት ነኝ፣ እትዬ።»

ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተስፋማርያም ግቢው ውስጥ እግሩን ይታጠባል። ውሃውን ያሞቀችለት እሷ ናት። በር ተንኳኳ፤ በቅሎ የያዙ ሁለት ሰዎች ገቡ። ሰላምታም አልሰጡት። የእግር መታጠቢያው ሳፋ ሲገለበጥ ሸዋአየሁ ከውስጥ ሰማች።

«ሸዋዬ!» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ሸዋዬ! እባክሽ ውጪ፣ አንቺን ይሰሙሻል! ሸዋዬ፣ ብቻዬን አትተዪኝ!»

እውነት ነው፣ ይሰሟት ነበር። እትዬ ኩልሱም ሚስቲቱ ማሩልኝ ካለች ተዉት ብለዋቸው ነበር፤ ይህንንም ለሸዋአየሁ ነግረዋታል። የምታድንበትን አንድ ቃል እንደያዘች መዝጊያው ጀርባ ቆመች። ለማንም እንዳይሰማ፣ ጠረጴዛ ላይ እንደሚባለው ያለ ጩኸት፣ «ፓሶ» አለች።

ከዚያ መወርወሪያውን ገፋችው።