ሦስተኛው መስፈርት

ልብስ ሰፊዋ የደንበኛዋን ቀሚስ ከስፌት መኪናው ሳታወጣ ስልኳን ደግማ አነሳች። ድምፅ መስጫው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን አምስት ተኩል ሆኗል። እንደ እሷ የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች በስልክ የሚመካከሩበት ቡድን አዲስ አስተዳዳሪ እየመረጠ ነው። ደሞዝ የሌለው፣ ምስጋናውም ከስድቡ የማይበልጥ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። እጩዋ ደግሞ የገዛ ታላቅ እህቷ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ምን ዓይነት ሰው እንደምትደግፍ ገጿ ላይ ጽፋ ከለጠፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ቢያንስ ዓመት የቆየ፤ ሲሰድቡት የማይሳደብ፤ ሦስተኛ፣ የሰው ጽሑፍ ሲያጠፋ ምክንያቱን ለባለቤቱ የሚናገር። ስትጽፈው እንዲሁ ለራሷ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ግማሹ ቡድን እሷ ምን እንዳለች ሳያይ ድምፅ የማይሰጥ ሆነ። ደስ ይላት ነበር፣ ለምን ይዋሻል።

እህትየዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ዝርክርክ ነገር አትወድም። ባለፈው ወር ለሙከራ የማጥፋት ሥልጣን ሲሰጣት ቡድኑን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ወለወለችው። ካጠፋቻቸው ጽሑፎች መካከል የአንዲት እናት ጥያቄ ነበር፤ ልጄ ቁርስ አልበላም ብላለች፣ የኢንሱሊን መርፌውን ልውጋት ወይስ ልተወው የሚል። ለሴትየዋ አንድ ቃል አልነገረቻትም። ሴትየዋ ከቡድኑ ያባረሯት መሰላትና ደግማ ሳትጠይቅ ልጇን ወጋቻት። ሳትበላ የተወጋችው ልጅ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ስታ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች፤ በመከራ ተረፈች።

ስልኩ ጠራ። እህቷ ናት።

«ከደጋፊዎቼ ውስጥ ስምሽን አላየሁትም» አለች። «ሰው እኮ አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

«እትዬ፣ ያንን ጥያቄ ስታጠፊው ለእናትየዋ ለምን አልነገርሻትም?»

«መቶ ጊዜ የተመለሰ ጥያቄ ነው። ፈልጋ ብታነብ ምን ነበረበት?»

«ልጇ አልበላም ብላባት፣ በዚያ ጭንቅ መሀል ምኑን ትፈልገው?»

«እናታችን ስትሞት ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስድስት።»

«እኔ መስፈርት አውጥቼ ነው ያሳደግኩሽ?»

ስልኩ ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ ገጿን ከፍታ ሦስተኛውን መስመር አጠፋችው። የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ሲታዩ ምንም የጎደላቸው አይመስሉም ነበር፤ ያስደነገጣትም ይኸው ነው። መልሳ ጻፈችው።

ከሁሉ የከበዳት ግን ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነው። ያን ጠዋት የእናትየዋን ጥያቄ አይታው ነበር። መልሱን እየጻፈች ሳለ ከዓይኗ ሥር ጠፋ። ማን እንዳጠፋው ስታይ የእህቷን ስም አገኘችና ይሁና ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ለሴትየዋ በግል ሁለት ቃል መላክ ትችል ነበር።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ጻፈች፦ «አልደግፍም። እጩዋ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናት ሆና ያሳደገችኝ። የዚያችን እናት ጥያቄ ስታጠፋው አይቼ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ ከእንግዲህ እኔን አይታችሁ ድምፅ አትስጡ።»

መጀመሪያ ለእህቷ ደውላ እንዳለ አነበበችላት። ከዚያ ላከችው።