ባለ አንድ ዓይኑ መልእክተኛ

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ዳንግላ ውስጥ አዲስ የሥዕል መጽሐፍ መጣ ከተባለ፣ የሚፈረድበት የልብስ ሰፊው የገበየሁ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሌላው ሰው ያሻውን ይበል፣ ማን ሰምቶት! ቅዳሜ ገበያው ሲበተን አምስት ሰዎች በስፌት መኪናው ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ መጽሐፉን ገጽ በገጽ እየገለጡ ይስቃሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ በመጨረሻም ይፈርዳሉ።

አንደኛው ባለ ሱቁ ገበየሁ ነው። ሁለተኛው ትኬት ቆራጩ ነጋ ነው፤ መጽሐፎቹን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌሮች እጅ የሚያስመጣው እሱ ነው። ሦስተኛዋ ጠላ ሻጯ እትዬ ይታይሽ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ አፏን ግን የሚችለው የለም። አራተኛው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው መሪጌታ ዓለምነው ናቸው። አምስተኛዋ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ዋጋዬ ናት።

ፍርዱ የሚሰጠው በሸሚዝ ቁልፍ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ቁልፍ ይታደላል፤ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያህል ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ከግማሽ በላይ የገባለት መጽሐፍ በክር ታስሮ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ከግማሽ በታች የሆነውን ገበየሁ በመቀስ ይቆርጠውና የልብስ ልክ ማውጫ ያደርገዋል። ባለፈው ጥቅምት የመጣው ባለ አንበሳው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የአንድ የአዘና ዳኛ የብብት ልክ ሆኖ ተቀምጧል።

ሌላም ደንብ አለ፤ እሱን ያመጡት መሪጌታ ናቸው። ጽሑፉ ከሥዕሉ ግርጌ ነው የሚታተመው፤ እና በመጀመሪያ ጽሑፉ በጨርቅ ቁራጭ ይሸፈንና ሥዕሉ ብቻ ይታያል። «ሥዕሉ ራሱ ካልተናገረ ይቅርብን፤ እኔ ግድግዳዬ ላይ ሰይጣኑን ሥዬ ይኼ ሰይጣን ነው ብዬ እጽፋለሁ እንዴ?» ይላሉ። ታሪኩን ከሥዕሉ ገምተው ሲጨርሱ ነው ጽሑፉ የሚነበበው።

የዋጋዬ ነገር ለብቻው ነው። እንደሷ ያለ ጨካኝ ፈራጅ አልታየም። ስንቱን መጽሐፍ «እጁ እንጨት ይመስላል»፣ «ፈረሱ ፍየል ነው» እያለች በአንድ ቁልፍ ሸኝታዋለች። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ደግሞ በየወሩ የሱቁን ፍርድ በደብዳቤ ለአሳታሚው የምትልከው እሷ ናት፤ ከታች «የዳንግላ አንባቢዎች» ብላ ትፈርማለች።

ያን ቅዳሜ ግን ዋጋዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ነጋ ከአውቶቡስ ያወረደው አዲሱ መጽሐፍ የራሷ ነበር። ዓመት ሙሉ ቤቷን ዘግታ የሣለችው፣ ስሜ እንዳይጻፍ ብላ ለምና ወደ አዲስ አበባ የላከችው መጽሐፍ። ያን ሁሉ ሰው ስትቦጭቅ ከርማ ስሟን በምን ድፍረት ታወጣለች! ሁለተኛው ክፍል ተሥሎ አልቆ ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጧል። አሳታሚው ደግሞ እንዲህ ብሎ ጽፎላታል፦ «ሁለተኛውን ክፍል ማተም አለማተማችንን የምንወስነው የአንባቢን አስተያየት ካየን በኋላ ነው። በተለይ ከዳንግላ በየወሩ የሚጽፉልን ሰዎች አሉ፤ የእነሱን ቃል እንጠብቃለን።»

ይህን ስታነብ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ደብዳቤ ጸሐፊዋ ራሷ አይደለች? «ግሩም ድንቅ ነው፣ ቶሎ ላኩልን» ብላ ብትልክ ማን ያውቃል? ሳቋ ሲያልፍ ግን ሆዷ ባባ። የፈለገችው እሱን አልነበረም። እነዚያ አራት ሰዎች የሷን ሥራ አይተው፣ ማን እንደሠራው ሳያውቁ፣ አፋቸውን ሞልተው ጥሩ ነው ሲሉ መስማት ነበር የፈለገችው። ለዚህ ስትል የሚሉትን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ ቃል በቃል ልትጽፍ ለራሷ ማለች።

ነጋ ጽሑፉን ሸፈነና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። አንድ ሰው ቦርሳ አንግቶ በዘንገና ሐይቅ ዳር ይሮጣል። በሚቀጥለው ሥዕል ሌላ ሰው ከቀርከሃው መሃል ፊቱን ብቅ አድርጎ ያየዋል።

«ሌባ!» አሉ መሪጌታ።

«የቱ?» አለች ዋጋዬ።

«የሚሮጠው ነዋ! ዓይኑ አንድ መሆኑን አታዪም? ለጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ለሰይጣንና ለጭፍራው አንድ ዓይን። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ግድግዳ ያየ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጄ።»

ዋጋዬ ክው አለች። እውነታቸውን ነው! ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችው ግድግዳ ሁሉ እንዲያ ነው፤ ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ወደ ሰው ያዞራል፣ ኃጥኡ በጎን ይታያል። እሷ ደግሞ ጀግናዋን፣ ምስኪኑን መልእክተኛዋን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በጎኑ ነው የሣለችው። ሽፍታዋን ሁለት ዓይን ሰጥታዋለች። ‘ምን ነካኝ! ምን አባቴ አዘነጋኝ!’ አለች በልቧ።

የተቀሩት ግን ደስታ በደስታ ሆነዋል። እትዬ ይታይሽ በሽፍታው ፍቅር ወደቀች። «ይኼ የተዘረፈው ሰውዬ መሆን አለበት! አንጀቴን በላው እኮ! ተከተለው፣ አባቴ፣ እንዳያመልጥህ!» ሽፍታው መንገዱ ላይ ገመድ ሲዘረጋ ገበየሁ ጭኑን መታ። «ብልህ ነው፣ ብልህ!» መልእክተኛው ተጠልፎ ሲወድቅ ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ። በመጨረሻው ሥዕል መልእክተኛው ከዛፍ ጋር ታስሮ ይታያል፤ ሽፍታው ቦርሳውን አንግቶ እየሳቀ ይሄዳል።

«ንብረቱን አስመለሰ! ተመስገን!» አለ ነጋ። «የእጁን ነው ያገኘው፣ ይኼ ባለ አንድ ዓይን! በሉ እትዬ ዋጋዬ፣ ጽሑፉን ያንብቡልን።»

ዋጋዬ ጨርቁን አነሣች። «መልእክተኛው አበረ የሕዝቡን ደብዳቤ ይዞ ከእንጅባራ ወደ አዘና ሲሮጥ፣ ጨካኙ ሽፍታ ቀርከሃው ውስጥ አድብቶ ይጠብቀው ነበር…»

የገበየሁ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እስከ መጨረሻው አነበበች፤ የእናቶች ደብዳቤ፣ ለልጃቸው ምሕረት የሚለምኑ ሰዎች ደብዳቤ፣ ሁሉም ሽፍታው እጅ ገባ፣ አበረም ታስሮ ቀረ።

«ወይኔ!» አለች እትዬ ይታይሽ ደረቷን እየመታች። «ለሌባው ነው እኮ ያጨበጨብኩት! አባቴ ያልኩት ሌባ ነው!» ከዚያ በኋላ ያለችውን በአገውኛ ነው ያለችው፤ እሷ ስትናደድም ሲደንቃትም ወደ አገውኛዋ ነው የምትሮጠው።

ነጋ ከሳቅ ብዛት በርጩማው ላይ መቀመጥ አቃተው። «ጉድ ሠራን! እንዲህ ያታለለን መጽሐፍ የለም!»

መሪጌታ ግን ተቆጥተዋል። «ምን ያስቃል? ጻድቅ ሰው በአንድ ዓይን! ይህን የሣለው ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ስሞ አያውቅም፣ ወይ አገሩን ጥሎ የሄደ ነው!»

እትዬ ይታይሽ መጽሐፉን ከዋጋዬ እጅ ነጥቃ ያታለላት ሌባ እንደገና እንዲታያት ወደ ኋላ ገለጠች። አንድ የገበያ ሥዕል ላይ ስትደርስ ቆመች። ዓይኗን አጠበበች።

«ይቺ… ይቺ እንስራ ያዘለችው እኔ ነኝ።»

«አንቺ ደግሞ!» አለ ገበየሁ።

«ሻሼን እየው! አስተሳሰሬን እየው! እዚህ ዳንግላ እንዲህ የሚያስር ሌላ ማን አለ? ይኸው ነጋም አለ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ። ይኸው መሪጌታ፣ ከነጥላቸው።»

ሁሉም ተንጋግተው ጎነበሱ። እውነት ነው፤ ሦስቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናው ላይ አጎንብሷል፤ ከጎኑ ይታያል።

«እኔ?» አለ ገበየሁ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ በአንድ ዓይን? ምን አደረግኩ?» ትንሽ ቆይቶ በጣቱ ቆጠረ። «ይታይሽ፣ ነጋ፣ መሪጌታ፣ እኔ። አራታችንም አለን። የሌለችው…»

አራቱም ቀና ብለው ዋጋዬን አዩዋት። ዋጋዬ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«እኔ ነኝ የሣልኩት» አለች። «ሰይጣን ማድረጌ አይደለም፣ ጋሼ ገበየሁ። በቤተ ክርስቲያናችንም አልቀለድኩም፣ መሪጌታ። ፊት ለፊት መሣል አልችልም። ሁለቱን ዓይን ስሥል አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሄድብኛል። ስለዚህ ሁሉንም በጎንና በጀርባ እያዞርኩ አመለጥኩ።»

«ሽፍታውንስ? እሱ ሁለት ዓይን አለው እኮ!» አለ ነጋ።

«የሽፍታ ዓይን ቢንጋደድ ማን ይከሰኛል?»

እዚህ ላይ መሪጌታ ራሳቸው አልቻሉም። ጥላቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ገበየሁ ግን አልሳቀም። ቁልፎቹን ማደል ጀመረ።

«ጓደኛችን ናት ብላችሁ እንዳታዳሉ» አለ። «እሷ ለማን አዝና ታውቃለች?»

«አታዳሉ» አለች ዋጋዬ። «እኔ ዛሬ ቁልፍ አልይዝም። የምትፈርዱትን ግን እንዳለ እጽፈዋለሁ።» ይህን ብላ እጆቿን ጭኗ መሃል ቀብራ ተቀመጠች። ጣሳው አራት ጊዜ ተንቃጨለ። ከሃያው ቁልፍ አሥራ አንድ ከገባ አበረ ይተርፋል፤ ዘጠኝ ከሆነ የሰው ኮት ብብት ይሆናል።

ገበየሁ ጣሳውን ገለበጠና ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። አሥር ነበር።

«ግማሽ» አለ ነጋ። «ግማሽ ሲሆን ደንቡ ምን ይላል?»

ደንቡ ምንም አይልም። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ገበየሁ መቀሱን አንስቶ ግማሹን ልቁረጥ ግማሹን ልስቀል ቢል፣ እትዬ ይታይሽ «እኔ ያለሁበትን ገጽ ንካና እጅህን አያድርገኝ!» ብላ መጽሐፉን ጡቷ ስር ሸጎጠች። ነጋ «ይሰቀል» አለ፤ ገበየሁ «መጀመሪያ ዓይኔ ይመለስ» አለ። ጭቅጭቁ እስከ ውጭ ተሰማ።

«ዝም በሉ!» አሉ መሪጌታ፤ ድንገትም እንደ ዳኛ ተኮፈሱ። «ግማሽ የገባው ታሪኩ ግማሽ ስለሆነ ነው። ሰውዬው ከዛፍ ጋር ታስሮ እንደቀረ በማን ላይ ነው የምንፈርደው? ማስረጃው አልተሟላም። ጉዳዩ በቀጠሮ ይደር። ልጄ፣ ወረቀት አውጪ።»

ዋጋዬ ወረቀትና ቀለም አወጣች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃል ያስጽፉ ጀመር።

«ይድረስ ለአሳታሚው። መጽሐፉን አየነው። የሣለችው ሰው ፊት መሣል አትችልም።»

ዋጋዬ ጻፈች። ከንፈሯን ነክሳ፣ ባማረ ጽሕፈቷ፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ጻፈች።

«ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከተነበበልን በኋላ፣ በጎን የሣለችው ሰው ሲወድቅ የእኛ ጉልበት ነው የታመመው።»

ብዕሩ ቆመ። ዋጋዬ ቀና ስትል መሪጌታ አሁንም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። «ጻፊ እንጂ! ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል በአስቸኳይ ታትሞ ይቅረብልን። የታሰረው ሰውዬ ተፈትቶ ደብዳቤዎቹን አዘና ማድረሱን ሳናውቅ እንቅልፍ አይወስደንም። ፊት መሣሉን በተመለከተ፣ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምራ ከእኔ ዘንድ ትማራለች።»

«ከእርስዎ?» አለች ዋጋዬ። መሪጌታ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለማንም ብሩሻቸውን አስነክተው አያውቁም። ለሴት ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም።

«ከእኔ። መጀመሪያ የምትሥዪው የገበየሁን ሁለተኛ ዓይን ነው፤ አለዚያ ሱሪያችንን ሁሉ አጣሞ ይሰፋብናል።»

ገበየሁ ሳይወድ ሳቀ።

ዋጋዬ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና እንደልማዷ ከታች «የዳንግላ አንባቢዎች» ብላ ፈረመች። ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል መሪጌታ እጃቸውን ጫኑበት።

«አላለቀም። ሽፋኑ ላይ የሠዓሊዋ ስም የለም። እሱንም ጨምሩ በይ።»

«እርስዎስ? አንድም ግድግዳ ላይ ስምዎን ጽፈው አያውቁም።»

«እኔ የምሥለው ለእግዚአብሔር ነው፤ እሱ ያውቀኛል። አንቺን ግን የአዘና ሰው ምኑን ያውቅሻል? ጻፊ!»

ገበየሁ የቀለም ጠርሙሱን አስጠጋላት። እትዬ ይታይሽ፣ አንድ ፊደል የማታነበው እትዬ ይታይሽ፣ ደህና አድርጎ እንዲታያት በዋጋዬ ትከሻ ላይ ተንጠራራች። ዋጋዬ ብዕሩን ነከረችና፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሱቁን ፍርድ ወደ አዲስ አበባ ስትጽፍ ያላደረገችውን፣ ስሟን ከነአባቷ በትልልቁ ጻፈች፦ ዋጋዬ ሀብቱ፣ ዳንግላ።